የፈይሰል ልጆችና የሪያድ ክፉ ዘመን

ሪያድ የኖረ ኢትዮጵያዊ መንፉሓን ያውቃታል። ከባጥሓ በስተደቡብ ያለችው ይህች ሰፈር ለብዙ ዓመታት የአገር ልጅ የሚገናኝባት፣ እንጀራ የሚገዛባት፣ የቤተሰብ ወሬ የሚሰማባት ነበረች፤ በኖቬምበር 2013 በኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ የደረሰውን መከራም እዚያ የነበረ ሁሉ አይረሳውም። መንፉሓ ግን ከሪያድ ጋር የተቀላቀለችው በቅርቡ ነው። ቀድሞ የራሷ ግንብ፣ የራሷ የተምር እርሻና የራሷ አሚር ያላት ከተማ ነበረች። ሪያድም አጠገቧ ያለች ሌላ ባለግንብ ከተማ ነበረች። በሰሜን ምዕራብ ደግሞ ድርዒያ አለች። ሦስቱም በመካከለኛው አረቢያ፣ በነጅድ፣ የሐኒፋን ሸለቆ ተከትለው የተቆረቆሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሦስቱም ሲዋጉ የኖሩ ናቸው።

ያችን ከተማ በሰፊ መንገዷና በፎቆቿ ብቻ ለሚያውቃት ሰው፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ደጋግማ ጌታ የለወጠች፣ ደጋግማ የተዘረፈችና የተራበች ምድር መሆኗን መገመት ይከብዳል። የሆነውን በተራ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው መንፉሓ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሪያድን የገዛው ደሓም ኢብን ደዋስ የመንፉሓ አለቃ ልጅ ነበር። ከትውልድ ከተማው ተባሮ ሪያድ ገባ፤ እህቱ የሪያዱን አለቃ አግብታ ስለነበር በሕፃኑ የእህቱ ልጅ ስም ሥልጣን ያዘና በኋላ ጠቅልሎ የራሱ አደረገው። በዚሁ ጊዜ፣ በ1744፣ የድርዒያው አሚር ሙሐመድ ኢብን ሳዑድ ከሃይማኖት መምህሩ ከሙሐመድ ኢብን አብዱልወሃብ ጋር ቃል ኪዳን ገባ። ደሓም ለዚህ አዲስ ኃይል አልገብርም አለ። ሪያድና ድርዒያ በግማሽ ቀን የእግር መንገድ ተራርቀው ወደ ሃያ ሰባት ዓመት ያህል ተዋጉ። በ1773 በበጋ ደሓም በድንገት ከተማዋን ጥሎ ወጣ፤ ሕዝቡም ፈርቶ ተከተለው። ድርዒያዎች ሪያድ የገቡት ያለ ውጊያ ነው። ከሸሸው ሰው ግን ብዙው በረሃ ላይ በውሃ ጥም አለቀ። ያ ዘመን በእኛ አገር ራስ ሚካኤል ስሑል ንጉሥ ኢዮአስን አስገድሎ ዘመነ መሳፍንትን በከፈተ በአራተኛው ዓመት ላይ የዋለ ነው።

የመጀመሪያው የሳዑድ መንግሥት መካንና መዲናን እስከ መያዝ ደረሰ፤ ይህም ኦቶማኖችን አስቆጣ። የግብፁ ገዥ መሐመድ አሊ ልጁን ኢብራሂም ፓሻን ላከ። ኢብራሂም በ1818 ድርዒያን ለስድስት ወር ገደማ ከብቦ በመድፍ አፈራረሳት፤ አሚሩ አብደላ ኢስታንቡል ተወስዶ አንገቱ ተቀላ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በ1875 እና በ1876 ጦራቸውን ወደ ኢትዮጵያ ልከው ጉንደትና ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ የተሸነፉት ኸዲቭ እስማኤል፣ ድርዒያን ያፈረሰው የኢብራሂም ፓሻ ልጅ ናቸው። አባት ነጅድ ላይ የቀናው ልጅ ኢትዮጵያ ላይ አልቀናውም።

ከድርዒያ ፍርስራሽ የተረፈው ቱርኪ ኢብን አብደላ በ1824 ሪያድን ከግብፅ ወታደሮች አስለቅቆ መዲናው አደረጋት። ሪያድ ዋና ከተማ የሆነችው ያኔ ነው። ቱርኪ አሥር ዓመት ገዛና በ1834 ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ በገዛ ዘመዱ በሚሻሪ ትእዛዝ ተገደለ። ልጁ ፈይሰል በምሥራቁ ጠረፍ ዘመቻ ላይ ነበር። መርዶውን እንደሰማ ተመልሶ ሪያድን ከበበ፤ ሰዎቹ ከውስጥ በወረደላቸው ገመድ ግንቡን ወጥተው ሚሻሪን ገደሉት። ሚሻሪ ሥልጣን ላይ የቆየው አርባ ቀን ያህል ብቻ ነው።

በዚያ ሌሊት ከፈይሰል ጎን ሆኖ ግንቡን የወጣ ሰው ነበር፤ አብደላ ኢብን ረሺድ ይባላል፤ የሸመር ጎሣ ሰው ነው። ፈይሰል ውለታውን ለመክፈል በሰሜን ያለችውን የሓኢልን አሚርነት ሰጠው። የዚህ ታሪክ ግማሹ ከዚያ ስጦታ የወጣ ነው።

ፈይሰል ራሱ ቀላል ዘመን አላየም። በ1838 ግብፆች ዳግም መጥተው ማርከው ካይሮ ወሰዱት፤ በ1843 አምልጦ ተመለሰና እስከ 1865 ገዛ። ነጅድ እንደዚያ ሃያ ሁለት ዓመት የተረጋጋችበት ወቅት በመቶ ዓመቱ ውስጥ ጥቂት ነው። በ1865 መጀመሪያ የእንግሊዙ ኮሎኔል ሉዊስ ፔሊ ሪያድ ደርሶ ሲያነጋግረው ፈይሰል ዓይኑ ጠፍቶ፣ አርጅቶ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተ። አራት ልጆች ተወ፤ አብደላ፣ ሳዑድ፣ ሙሐመድና አብዱራሕማን።

አብደላ አልጋ ወራሽ ነበር፤ አባቱ ዓይኑን ካጣ በኋላም አገሩን በእጁ ያስተዳድር ነበር። ጠንካራ ነው፤ እጁ ግን ከባድ ነው። በ1860 እና በ1861 የዐጅማን ጎሣ ሲሸፍት አብደላ ሁለት ጊዜ ዘምቶ ደመሰሳቸው፤ ሁለተኛው ጊዜ በኩዌት አቅራቢያ ወደ ባሕር ገፍቷቸው ብዙ ሰው ሰጠመ። ዐጅማን ያንን አልረሱም። ሁለተኛው ልጅ ሳዑድ ግን የደቡብ ወረዳዎች ገዥ የነበረ፣ ዘላኑን በመስጠትና በመሳቅ የያዘ ሰው ነበር። አባታቸው ዓይኑን ከመክደኑ በፊት በሁለቱ መካከል የነበረው ቅሬታ በከተማው ሁሉ የታወቀ ነበር።

አባት በሞተ በዓመቱ፣ በ1866፣ ሳዑድ ከሪያድ ወጣ። መጀመሪያ ወደ ዐሲር፣ ቀጥሎ ወደ ነጅራን ሄዶ ጦር ለመነ። የነጅራን ሰዎች በእምነት ከሪያድ ጋር የማይገጥሙ እስማኢሊዎች ነበሩ፤ የሪያድ መሻይኾች እንደ ከሃዲ የሚቆጥሯቸው። ሥልጣን የፈለገ ሰው ግን ይህን አላየም። በመጀመሪያው ውጊያ ሳዑድ ተሸንፎ፣ ክፉኛ ቆስሎ አመለጠ። ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ እስከ ዑማን ወርዶ፣ በመጨረሻ ከባሕሬን ድጋፍ አገኘ። ዐጅማኖችም አብደላን የሚበቀሉበት ቀን መጣላቸው።

ዲሴምበር 1870 ላይ ጁዳ በምትባል የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ተገናኙ። የአብደላን ጦር የመራው ሦስተኛው ወንድም ሙሐመድ ነው። ውጊያው ሲጋጋል ከሙሐመድ ጎን የተሰለፈ አንድ ጎሣ ከድቶ ወደ ሳዑድ ዞረ፤ ሙሐመድ ተማርኮ ቀጢፍ ውስጥ ታሰረ። ለም የሆነው የምሥራቅ ጠረፍ፣ አል-አሕሳ፣ ከነተምሩና ከነወደብ ገቢው በሳዑድ እጅ ገባ። በ1871 ሳዑድ ሪያድን ያዘ። ያመጣቸው ዘላኖች የለመዱት ወታደራዊ ደሞዝ ሳይሆን ምርኮ ነው፤ ከተማዋን ዘረፏት።

አብደላ ያኔ ያደረገው ውሳኔ ከሁሉም በላይ ዋጋ አስከፍሏል ብዬ አምናለሁ። ወደ ባግዳድ መልእክተኛ ላከ፤ ለኦቶማኑ ገዥ ለሚድሐት ፓሻ፣ «ወንድሜ አመፀብኝ፤ እርዱኝ» የሚል። ሚድሐት ፓሻ ይህን ይጠብቅ ነበር። በ1871 አጋማሽ ጦር በመርከብ ልኮ ቀጢፍንና ሁፉፍን ያዘ፤ አብደላንም በኦቶማን ሥር ያለ የአውራጃ ገዥ ብሎ ሾመው። አብደላ የመጡበትን ሲረዳ ከሰፈራቸው ሾልኮ ወደ ሪያድ ሸሸ። ኦቶማኖች ግን አልወጡም። «ለጥቂት ጊዜ ልንረዳ» ብለው የገቡበትን አል-አሕሳን አርባ ሁለት ዓመት ያዙት።

ይህ የነጅድ ብቻ ዕጣ አይደለም። ቻይና ውስጥ ከ1916 በኋላ፣ ፕሬዝዳንት ዩዋን ሺካይ ሞቶ ማዕከሉ ሲፈርስ፣ የየክፍለ ሀገሩ ጦር አዛዦች እርስ በርስ ተዋጉ። የማንቹሪያው ዣንግ ዙኦሊን ጃፓንን ተደገፈ፤ ጃፓኖች ራሳቸው በ1928 ባቡሩን አፈንድተው ገደሉት፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ማንቹሪያን ጠቅልለው ወሰዱ። እኛም ብንሆን የደጅ ኃይል ጠመንጃ በቤት ጠብ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን፤ የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ያገኙት መሣሪያ ተፎካካሪያቸውን አሸንፈው አፄ ዮሐንስ ለመባል ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ነው። ለእርሳቸው የሠራው ናፒየር ተመልሶ ስለሄደ ነው። ሚድሐት ፓሻ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አምስት ዓመት በአጭሩ ልለፈው፤ ዝርዝሩ ራስ ያዞራል። በ1871 የሪያድ ሰዎች በዘረፋው ተማረው፣ በአጎትየው በአብደላ ኢብን ቱርኪ መሪነት ሳዑድን አባረሩት፤ አብደላ ተመለሰ። በ1873 ሳዑድ ተመልሶ አብደላን አሸንፎ ከተማዋን ያዘ። ጃንዋሪ 1875 ሳዑድ ሪያድ ውስጥ ሞተ፤ የመጨረሻው ወንድም አብዱራሕማን ሥልጣን ያዘ። የሳዑድ ልጆች በአጎታቸው ላይ ተነሱ። አብዱራሕማን መቋቋም ሲያቅተው ወደ ታላቅ ወንድሙ ሄዶ ታረቀ፤ በ1876 አብደላ ለሦስተኛ ጊዜ ሪያድ ገባ። የሳዑድ ልጆችም ከሪያድ በስተደቡብ ወዳለችው ኸርጅ ሸሹ።

በዚህ ሁሉ መካከል ገበሬው ምን ሆነ? በ1870ዎቹ መጀመሪያ ነጅድ ላይ ረሃብ ገባ። ዝናብ ጠፋ፤ ግን ዝናብ ብቻ አልነበረም ጥፋቱ። የተምር ዛፍ በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃው ከጥልቅ ጉድጓድ በግመልና በአህያ ይሳባል። ጦር ባለፈ ቁጥር እንስሳው ይነዳል፤ እንስሳው ሲነዳ ገመዱ ይቆማል፤ ገመዱ ሲቆም አትክልቱ ይደርቃል። የነጅድ ታሪክ ጸሐፊዎች ሰው የሞተ እንስሳና የተጠበሰ ቆዳ እስከ መብላት መድረሱን መዝግበዋል። ብዙ ቤተሰብ ወደ ኢራቅና ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተሰደደ። ከዚያ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የእኛ አገር ክፉ ቀን የመጣው በከብት በሽታ ነው፤ ነጅድን ግን ግማሹን ያስራባት የገዛ መሳፍንቷ ጠብ ነው።

ሪያድ ስትደክም ሓኢል በረታች። ፈይሰል የሾመው አብደላ ኢብን ረሺድ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጁ ሙሐመድ ኢብን ረሺድ የገዛ ወንድሙን ልጆች ፈጅቶ ሥልጣን ያዘ፤ ከያዘ በኋላ ግን እስኪሞት አገሩን በሰላምና በብልጠት ገዛ። በ1876 እና በ1878 መካከል አረቢያን በግመል ያቋረጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳውቲ ሓኢል ገብቶ ቤተ መንግሥቱን አይቷል። በዚያ ጉዞው ከኢትዮጵያ ምድር በባርነት የተሻገሩ ሰዎችንም አግኝቶ ስለ እነርሱ ጽፏል። የዛሬው ስደተኛ ወደዚያ አገር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አይደለም፤ ቀይ ባሕርን በግድ ተሻግረው፣ ስማቸው ሳይመዘገብ በነጅድና በሒጃዝ ቤቶች ያለቁ ወገኖች ነበሩን።

ሙሐመድ ኢብን ረሺድ ሪያድን በቀጥታ አልወጋም። የቡረይዳውን አሚር ሐሰን አል-ሙሐናን ወዳጁ አደረገ፤ ከዚያ በሪያድ የተከፉ ከተሞች ራሳቸው እየመጡ ጥላው ሥር ገቡ። በ1884 አብደላ ሊያስቆመው ቢሞክር ኡም አል-ዐሳፊር ላይ ድል ሆነ። በ1887 ደግሞ የሳዑድ ልጆች ከኸርጅ መጥተው ሪያድን በድንገት ያዙና አጎታቸውን አብደላን አሰሩት። አብደላ ከእስር ቤት ሆኖ ወደ ሓኢል «እርዱኝ» ብሎ ላከ። ባግዳድ ላይ የተማረውን ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ደገመው።

ኢብን ረሺድ ገሠገሠ። «አጎታችሁን ልቀቁ» ብሎ የሳዑድን ልጆች አስወጣ፤ ወደ ኸርጅ እንዲመለሱ ፈቀደላቸው፤ አብደላን ግን «ደክመሃል፣ እኔ ዘንድ ዕረፍ» ብሎ ሓኢል ወሰደው። ሪያድ ላይ የራሱን ሰው ሳሊም አስ-ሱብሃንን ሾመ። በዓመቱ ሳሊም ኸርጅ ወርዶ ከሳዑድ ልጆች ሦስቱን ገደላቸው። አብደላ ታሞ በ1889 ወደ ከተማው እንዲመለስ ተፈቀደለትና ኖቬምበር ላይ እዚያው ሞተ። አፄ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ዘውድ የጫኑት በዚያው ወር ነው፤ አንዱ አገር ከመሳፍንት ጠብ እየወጣ ሌላው መጨረሻው ላይ ደርሶ ነበር።

የቀረው አብዱራሕማን ነው። በ1890 ሳሊም አስ-ሱብሃንን ከነጠባቂዎቹ በገዛ ቤተ መንግሥቱ ያዘው። ኢብን ረሺድ ጦሩን ይዞ መጣና ሪያድን አርባ ቀን ያህል ከበበ፤ ግንቡን መስበር ሲያቅተው የተምር ዛፎቹን ማስቆረጥ ጀመረ። ተምር ተክሎ ፍሬ ለመብላት ዓመታት ይፈጃል፤ ዛፍ መቁረጥ የልጅ ልጅን ምግብ መቁረጥ ነው። በመጨረሻ ከተማዋ ሽማግሌ ላከች። ከሽማግሌዎቹ መሀል ቀድሞ ቀጢፍ ታስሮ የነበረው ሦስተኛው ወንድም ሙሐመድ ነበር፤ የሪያዱ ታላቅ የሃይማኖት መሪ አብደላ ኢብን አብዱለጢፍም ነበር፤ ከእነርሱም ጋር አንድ ልጅ ሄደ፣ የአብዱራሕማን ልጅ አብዱልአዚዝ። ልጁ ከተማውን ያስከበበውን ሰው ፊት ለፊት ያየው ያኔ ነው።

ኢብን ረሺድ የታረቀው የቡረይዳና የዑነይዛ አገር ቀሲም ስለሸፈተበት ነው። ቡረይዳና ዑነይዛ የተገባልን ቃል አልተጠበቀልንም ብለው ተነስተው ነበር። ጃንዋሪ 1891 ሙለይዳ በተባለ ስፍራ ገጠማቸው። የቀሲም ሰዎች መጀመሪያ ላይ ምቹ ቦታ ይዘው በርትተው ነበር። ኢብን ረሺድ የተሸነፈ መስሎ አፈገፈገ፤ እነርሱም ለማባረር ወደ ሜዳው ወጡ። ያኔ በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎችን አስነድቶ ለቀቀባቸው፤ ከግመሎቹ ኋላ ፈረሰኛውና እግረኛው ተከተለ። የዑነይዛው አሚር ዛሚል አስ-ሱለይም ሞተ፤ የቡረይዳው ሐሰን አል-ሙሐና ተማርኮ በሓኢል እስር ቤት ሞተ። አብዱራሕማን ለእርዳታ ጦር ይዞ እየተጓዘ ነበር፤ ወሬው መንገድ ላይ ደረሰው። ወደ ሪያድ ተመልሶ ሚስቶቹንና ልጆቹን በግመል ጭኖ በረሃ ገባ።

አንድ ጊዜ ተመልሶ ሞክሮ ሑረይምላ ላይ ተሸነፈ። ኢብን ረሺድም ዳግም እንዳይመሽጉበት የሪያድን ግንብና አሮጌውን ቤተ መንግሥት አፈረሰ። አብዱራሕማን ቤተሰቡን ይዞ በሙራ ጎሣ መሀል፣ ከዚያ በባሕሬንና በቀጠር ተንከራትቶ በ1893 ገደማ ኩዌት ገባ። የሚኖረው በኦቶማን መንግሥት ቀለብ፣ በወር ስድሳ የወርቅ ሊራ ነበር። የፈይሰል ልጅ ወንድሙ ጠርቶ ባስገባቸው ሰዎች ደሞዝ አደረ።

ኩዌት ራሷ በ1896 የወንድም ደም አየች፤ ሙባረክ አል-ሰባሕ ሁለት ወንድሞቹን ገድሎ ሥልጣን ያዘ። ወጣቱ አብዱልአዚዝ ፖለቲካን የተማረው በዚህ ሰው መጅሊስ ተቀምጦ ነው። በ1897 ሙሐመድ ኢብን ረሺድ ሞቶ የወንድሙ ልጅ አብዱልአዚዝ ኢብን ሚትዐብ ተተካ፤ ጀግና ነው፣ ግን የአጎቱ ብልሃት የለውም። ማርች 1901 ሙባረክ በሰሪፍ ውጊያ በእርሱ ተደመሰሰ። በዚያው ጊዜ የኛው ወጣት በጎን መጥቶ ሪያድ ገብቶ ነበር፤ መስመክ የሚባለውን ምሽግ ከቦ ሳለ የሰሪፍ ወሬ ደረሰውና ለቅቆ ወጣ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ጥቂት አሥርት ሰዎች ይዞ እንደገና ተነሳ። በመንገድ የተቀላቀሉት ዘላኖች ምርኮ ሲያጡ አንድ በአንድ ተዉት። ስድሳ ያህል ሰው ቀረው፤ አባቱም ሙባረክም ተመለስ ብለው ላኩበት። አልተመለሰም። በረመዳን በየብሪን ውሃዎች አካባቢ ተደበቀ፤ ሓኢሎች የት እንደገባ ጠፋባቸው። ከዒድ በኋላ ወደ ሪያድ ገሠገሠ፤ ጃንዋሪ 1902 አጋማሽ ላይ በሌሊት ደረሰ።

ከዚህ ያለውን እርሱ ራሱ በኋላ ዘመን ደጋግሞ ተርኮታል። የተወሰነውን ሰው ከግመሎቹ ጋር ውጭ ተወ። ሌሎቹን ከወንድሙ ከሙሐመድ ጋር አትክልት ቦታው ውስጥ አስቀመጠ። እርሱ ከጥቂቶች ጋር የተምር ግንድ እንደ መሰላል አስደግፎ ግንቡን ወጣ። ከገዥው ከዐጅላን ቤት ጎን የአንድ ከብት ነጋዴ ቤት ነበር፤ አንኳኩ። ሴት መለሰች። «ከአሚሩ ዘንድ ነው የመጣነው፤ ላም ልንገዛ» አሉ። ሴትዮዋ በዚህ ሰዓት ምን ላም ብላ ሰደበቻቸው። በሩ ሲከፈት አንዷ የቤቱ ሴት አውቃው «ጌታችን!» ብላ ልትጮህ ስትል ዝም አሰኟት። ከዚያ ጣራ ለጣራ ተሻግረው ዐጅላን ቤት ወረዱ። መኝታ ቤቱ ገብተው በሻማ ሲያዩ ሁለት ሰው ተኝቷል፤ ሚስቱና እህቷ ናቸው። ዐጅላን የለም።

ሚስትየዋ ነገረቻቸው፤ ለጥንቃቄ ሌሊቱን የሚያድረው መስመክ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ፈረሶቹን ለማየት ይወጣል። ወንድሙን ከነሰዎቹ አስመጣ። ሌሊቱን ቡና ጠጡ፣ ተምር በሉ፣ ትንሽ አንቀላፉ፣ የፈጅር ሶላት ሰገዱ። መስኮቱ ከመስመክ በር ትይዩ ነው። የመስመክ በር ትልቅ የእንጨት በር ነው፤ መሀሉ ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ብቻ የሚገባበት ትንሽ መዝጊያ አለው።

ፀሐይ ወጣ፤ ዐጅላን ወጣ። ሮጠው ወጡበት። ዐጅላን ወደ ትንሿ መዝጊያ ሮጦ ግማሽ ሰውነቱ ሲገባ አብዱልአዚዝ እግሩን ያዘው፤ ከውስጥ ያሉት ደግሞ እጁን ይዘው ጎተቱት። ወደ ዐጅላን የተወረወረ ጦር ስቶ በሩ ላይ ተሰካ፤ ጫፉ እንጨቱ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ዐጅላን አብዱልአዚዝን ረግጦ አመለጠ፤ የአብዱልአዚዝ አባት የአጎት ልጅ የሆነው አብደላ ኢብን ጂለዊ በቀዳዳዋ ተከትሎ ገብቶ ገደለው። የምሽጉ ወታደሮች ጥቂት ተዋግተው እጅ ሰጡ። ከተማው ገና ቁርሱን ሳይቀምስ ጌታው ተለውጦ ነበር። አብዱልአዚዝ መጀመሪያ ያስሠራው ሥራ ኢብን ረሺድ ያፈረሰውን ግንብ ነው። አባቱ አብዱራሕማን ከኩዌት መጥቶ ሥልጣኑን ለልጁ ለቀቀ፤ የፈይሰል የመጨረሻ ልጅ ነውና ይህ መልቀቅ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ወንድማማቾቹ የጀመሩት ጠብ ግን ገና ነበር። በ1910 የሳዑድ ኢብን ፈይሰል የልጅ ልጆች አሁንም ወደ ዐጅማን ሄደው ሸፈቱ፤ እንደ አያታቸው። አብዱልአዚዝ ሁለት ዓመት ተዋግቶ አሸነፋቸው። ብዙዎቹን ማረ፤ ከእነርሱም ታላቁ ሳዑድ አል-ከቢር የንጉሡን እህት ኑራን አግብቶ ከጎኑ ኖረ። ዛሬ ሪያድ ውስጥ ያለው ትልቁ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ በእርሷ ስም ይጠራል። በ1913 አብዱልአዚዝ አል-አሕሳን ከኦቶማኖች አስለቀቀ። ሓኢል ደግሞ ሪያድን የገደለው በሽታ ያዛት፤ ኢብን ሚትዐብ በ1906 በውጊያ ከወደቀ በኋላ የረሺድ ቤት ወንድም ወንድሙን፣ ዘመድ ዘመዱን ሲገድል ቆይቶ በ1920 አሚሩ በዘመዱ ጥይት ወደቀ። ኖቬምበር 1921 ከተማዋ ለሪያድ እጅ ሰጠች። ማርች 1929 ለንጉሡ ሲዋጉ የኖሩት ኢኽዋኖች አምፀው ሰቢላ ላይ በመትረየስ ተመቱ፤ በተከታዩ ዓመት በዚያው ወር ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ በአውሮፕላን ከታገዘው ጦር ጋር ተዋግተው ወደቁ። ሁለቱም አገሮች የመጨረሻውን ትልቅ ባለግዛት ጦር የጨረሱት በአዲስ መሣሪያ ነው።

ሴፕቴምበር 23 ቀን 1932 የሳዑዲ አረቢያ መንግሥት ታወጀ። በቀጣዩ ዓመት ንጉሥ አብዱልአዚዝ ልጁን ሳዑድን አልጋ ወራሽ አድርጎ አስነገረ፤ የአያቱ ቤት በምን እንደፈረሰ የሚያውቅ ሰው ውሳኔ ነው። ሳዑድ በ1953 ነገሠ፤ ከዓመታት በኋላም ከወንድሙ ከፈይሰል ጋር ተጣላ። በ1964 መሳፍንቱና ዑለማዎቹ ተሰብስበው ሳዑድን አወረዱ፤ ፈይሰል ነገሠ። ሳዑድ ከአገር ወጥቶ በ1969 አቴንስ ውስጥ ሞተ። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ከተማ ውስጥ ወታደር ነበራቸው፤ ወደ ባግዳድም ሆነ ወደ ሓኢል የላከ ግን አልነበረም፤ ሪያድም አልተዘረፈችም።